ትልቁ ሳጥን ወይስ የጠራው ድምፅ?

የዚህ ወር ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ያለ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ልጆች ጥናት ወይም ስለ ፈተና ዝግጅት ሳይሆን ስለ ስፒከር ነው የምንወያየው። «መምህሩ ደግሞ ከመቼ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ሆነ?» የሚል አይጠፋም። ነገሩ ግን ከማስተማሩ ሥራ የራቀ አይደለም። ዛሬ በብዙ ቤት ያለ ልጅ ከዑስታዙ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ከሳጥን የሚሰማው ይበዛል። ቲላዋው፣ ሙሐደራው፣ መንዙማው፣ የእንግሊዝኛ ትምህርቱ፣ ዜናው ሁሉ ጆሮው የሚደርሰው በስፒከር በኩል ነው። ስፒከሩ የሚበላው ፊደል ካለ ልጁም ያንኑ ፊደል እየበላ ያድጋል።

ሙዚቃን በተመለከተ ያለው ብያኔ የዑለማኦች ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም። የምንነጋገረው የሰውን ድምፅ በትክክል ስለሚያሰማ ዕቃ ነው።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በዐረብኛ «ሣ» እና «ሲን» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ «ዛል» እና «ዛይ»ም እንዲሁ። አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ምላሱን በጥርሶቹ መሃል አድርጎ ፊደል የመናገር ልምድ የለውም። ስለዚህ ልዩነቱን አስቀድሞ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ታዲያ ይህ ልዩነት የሚገኘው የት ነው? ድምፅ ንዝረት ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የምንለካው በሄርዝ ነው። የወንድ ድምፅ መነሻ ንዝረት በአማካይ ከ85 እስከ 180 ሄርዝ አካባቢ ይገኛል፤ የሴት ደግሞ ከዚያ ከፍ ይላል። ጉልበቱና ግርማው የሚመጣው ከዚህ ነው። ፊደላቱን አንዱን ከሌላው የሚለየው ግን ብዙውን ጊዜ ከላይ ነው ያለው። «ስ» ስንል የሚወጣው ፉጨት አብዛኛው ኃይሉ ከ4000 ሄርዝ በላይ ነው። የ«ሣ» እስትንፋስ ደግሞ ከ«ሲን» ይበልጥ ደካማ ሆኖ እዚያው ላይኛው ክፍል ተበትኖ ይገኛል። መደበኛው የስልክ መስመር ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ለዚህም ነው ስም በስልክ ስናስመዘግብ ሰውዬው «በሰ ነው ወይስ በፈ?» እያለ የሚያስቸግረን። የሰው ጆሮ ጥፋት አይደለም፤ ድምፁ አልደረሰውም።

በዚህ ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። ወፍራም ድምፅ (እኛ «ባስ» የምንለው) ሲበዛ ቀጭኑን ድምፅ ይሸፍነዋል። ጆሮ በተፈጥሮው እንዲህ ነው። ደረት የሚመታ ሳጥን ገዝተን የቃሪኡን ድምፅ ስንከፍትበት ቤቱ ይንቀጠቀጣል፤ ፊደሉ ግን ይጠፋል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አዛውንቶቻችን ናቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው። አያታችን «ድምፁስ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚል ነው የማይገባኝ» ሲሉ የምንሰጣቸው መልስ ድምፁን መጨመር ነው። ሲጨመር ባሱ አብሮ ይጨምራል፤ እሳቸውም ያው እንደተቸገሩ ይቀራሉ። እሳቸው የጠየቁት ጥራት እንጂ ጩኸት አልነበረም።

አሁን ወደ ዕቃው እንሂድ። ስፒከር ከውስጥ ሲታይ ማግኔት፣ የመዳብ ሽቦ ጥቅልልና ከጥቅልሉ ጋር የተያያዘ ሾጣጣ ወረቀት ነው። ኤሌክትሪኩ በጥቅልሉ ውስጥ ሲመላለስ ማግኔቱ ይገፋዋል፣ ይስበዋል፤ ወረቀቱም አየሩን ያንቀሳቅሳል። ዛሬ የምንጠቀምበት ይህ አሠራር መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሆን ያቀረቡትም የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ቼስተር ራይስ እና ኤድዋርድ ኬሎግ ናቸው። መቶ ዓመት አለፈው፤ መሠረቱ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ሰፊውና ከባዱ ወረቀት ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት አየር መግፋት ይችላል፤ በሰከንድ 10000 ጊዜ መመላለስ ግን ይከብደዋል። ትንሿና ቀላሏ ደግሞ ተቃራኒዋ ናት። ስለዚህ ደህና የሆነ የቤት ስፒከር በአንድ ሳጥን ውስጥ ሁለት ይይዛል፦ ወፈር እና ትዊተር። በመሃላቸው ክሮስኦቨር የሚባል ትንሽ ሰርኪዩት አለ፤ ብዙውን ጊዜ ከ2000 እስከ 3000 ሄርዝ አካባቢ ላይ ድምፁን ለሁለቱ ያከፋፍላል። ይህን ማወቁ ለምን ይጠቅማል ብትሉ፣ በገበያችን ትዊተር የሚመስል ግን ትዊተር ያልሆነ ነገር ስላለ ነው። የብር ቀለም የተቀባ ፕላስቲክ ከፊት ይለጠፋል፤ ከኋላው ግን ሽቦ የለም። መፈተኛው ቀላል ነው። ወረቀት እንደ ቧንቧ ጠቅልላችሁ አንዱን ጫፍ ትዊተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯችሁ ላይ አድርጉና ሰው ሲናገር አድምጡ። «ስ» እና «ሽ» ከዚያ ጥርት ብለው ካልመጡ ጌጥ ነው የሸጡላችሁ።

ሱቅ ስንገባ መጀመሪያ የምንሰማው ግን ስለ ዋት ነው። «ወንድሜ፣ ወላሂ ይሄ 3000 ዋት ነው! ሰርግ ያጫውታል!» ይላል ነጋዴው። ካርቶኑም ላይ ፒኤምፒኦ ከሚለው ጎን ይኸው ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ፒኤምፒኦ የሚባለው ልክ የሌለው ልክ ነው፤ አምራቹ እንደፈለገ የሚያበዛው፣ ማንም የተስማማበት መለኪያ የሌለው ቁጥር። ዕቃውን ገልብጡትና ከኋላው የተለጠፈውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ። «220 ቮልት፣ 50 ዋት» የሚል ነገር ታገኛላችሁ። ከግድግዳው 50 ዋት የሚስብ ዕቃ ሳያቋርጥ 3000 ዋት ድምፅ ሊያወጣ ይችላል? የእኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በአንድ ደቂቃ ይመልሱታል። 10 አምፔር የሚሸከም ሶኬት በ220 ቮልት ቢያንስ ቢበዛ 2200 ዋት ነው የሚሰጠው። ልትመለከቱት የሚገባው አርኤምኤስ የሚለውን ነው፤ እሱ ስፒከሩ ሳያቋርጥ የሚችለውን ያመለክታል። ለአንድ ሳሎን ከ20 እስከ 50 ዋት እውነተኛ አርኤምኤስ ከበቂ በላይ ነው።

ከዋቱ ይልቅ የሚጠቅመው፣ ግን ማንም የማይጠይቀው ቁጥር «ሴንሲቲቪቲ» የሚባለው ነው። ለስፒከሩ 1 ዋት ተሰጥቶት በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚያሰማ ይገልጻል። በተለምዶ የቤት ስፒከር ከ84 እስከ 90 ዴሲቤል ድረስ ይሆናል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በየ3 ዴሲቤሉ የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 84ቱ ስፒከር ባለ 90ው በ10 ዋት የሚያሰማውን ያህል ለማሰማት 40 ዋት ይፈልጋል። በመደበኛ ጭውውት ጊዜ ከተናጋሪው በ1 ሜትር ርቀት የምንሰማው 60 ዴሲቤል አካባቢ መሆኑን ካስታወስን፣ ቁርኣን ወይም ትምህርት በረጋ ድምፅ ስናዳምጥ ከ1 ዋት በታች ነው የምንጠቀመው። የቀረው 2999 ዋት ለምን እንደተከፈለበት ነጋዴው ይንገረን!

«ከ20 እስከ 20000 ሄርዝ» የሚለውንም ጽሑፍ በጥርጣሬ ተመልከቱት። ከጎኑ «ሲደመር ሲቀነስ 3 ዴሲቤል» የሚል ወሰን ከሌለው ምንም አይነግራችሁም። ወሰኑ ተጽፎ ከ65 ወይም ከ70 ሄርዝ የሚጀምር ሐቀኛ ትንሽ ስፒከር፣ ወሰን ሳይጻፍለት ከ20 እጀምራለሁ ከሚለው ትልቅ ሳጥን ይሻላል። ከላይ እንዳልነው የወንድ ድምፅ ራሱ ከ85 ሄርዝ ወዲያ ነው።

ትንሽ ሳጥን መናቅ አያስፈልግም። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1970ዎቹ ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለ ስፒከር ሠርቶ ነበር። ከጣቢያው ውጭ ስርጭት የሚያካሂዱ ባለሙያዎች በመኪና ውስጥ ተቀምጠው የሚሰሙበት ስለነበር ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ወርዱም ከ20 ያልበለጠ ነበር። የዚያ ድርጅት መሐንዲሶች ስፒከር ሲፈትኑ ዋነኛ መመዘኛ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የሰው ንግግር ነው። ምክንያቱም ሁላችንም ከተወለድን ጀምሮ የምንሰማው ስለሆነ ትንሽ ቢጣመም ጆሯችን ወዲያው ያውቀዋል። ያ ትንሽ ሳጥን ዛሬም ድረስ በሚያውቁት ዘንድ የሚፈለግ ነው።

ቀረጻው ራሱ ምን እንደያዘም ማሰብ ይገባል። ሸኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ ሙሉውን ቁርኣን በሙረተል ቀርተው በግብፅ ሬዲዮ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ያ ትውልድ ያስቀረጸልን ሀብት አብዛኛው በአንድ መስመር፣ ማለትም በሞኖ የተቀዳ ነው። ከግራና ከቀኝ የሚለይ ነገር የለውም፤ ቤት የሚያናውጥ ባስም አልተቀዳበትም። እንደዚህ ዓይነት ቀረጻ ለሚያዳምጥ ቤት አንድ ጥሩ ስፒከር ከሁለት መናኛ ስፒከሮች ይበልጣል። ይህን ስል ብዙ ሰው ይገረማል፤ «ጥንድ ካልሆነ ምኑን ስፒከር ሆነ» ይላሉ። ገንዘቡ ለአንድ ደህና ብቻ ከበቃ ግን አንዱን መግዛት ምንም ነውር የለውም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው አምፕሊፋየር ለብቻ፣ ስፒከር ለብቻ መግዛት ነው። ሁለተኛው አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለበትን፣ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ስልክም ቴሌቪዥንም የሚቀበለውን ጥንድ ስፒከር መግዛት ነው። በቤቱ ከድሮ የተረፈ ጤናማ አምፕሊፋየር ያለው ሰው የመጀመሪያውን ቢመርጥ ገንዘቡን ሁሉ ስፒከሩ ላይ ያውላል። ሁለቱንም አዲስ የሚገዛ ከሆነም የበዛውን ድርሻ ለስፒከሩ ይስጥ፤ በአንድ ስፒከርና በሌላው መካከል ያለው የድምፅ ልዩነት በአምፕሊፋየሮች መካከል ካለው እጅግ ይሰፋልና። ከባዶ ለሚጀምር መካከለኛ አቅም ላለው ቤተሰብ ግን የእኔ ምክር ሁለተኛው ነው። ሽቦው ያንሳል፣ መገጣጠሙ አያሳስትም። አምፕሊፋየር ለብቻ የምትገዙ ደግሞ ኦሙን አመሳክሩ፤ 8 ኦም ብቻ እንዲሸከም በተሠራ አምፕሊፋየር ላይ የ4 ኦም ስፒከር ማሠር ያግለዋል፣ ውሎ አድሮም ያቃጥለዋል። ዋጋውን በብር አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የወር መጽሔት ላይ የሚጻፍ ዋጋ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል።

አዳምጦ መግዛት ግድ ነው። ስትሄዱ በደንብ የምታውቁትን ቀረጻ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ነጋዴው የሚከፍትላችሁ ለዚያ ሳጥን የሚመቸውን ነውና። በቃላችሁ የምታውቁት ሱራ፣ ከተቻለም የቤተሰባችሁን አባል ንግግር ቅዱ። ሁለት ስፒከር ስታወዳድሩ ድምፃቸው እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፤ ትንሽ ጮክ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጮችም ይህን ያውቃሉ። ከዚያም ዓይናችሁን ጨፍኑ። ይህ ቀልድ አይደለም። ፍሎይድ ቱል እና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩ የሰጡት ነጥብና በመጋረጃ ተከልለው የሰጡት ነጥብ ተለያይቶባቸዋል። መልኩ፣ መጠኑና ስሙ ጆሮን ይሸነግላል። ሳይታዩ ሲወዳደሩ የሚመረጡት ደግሞ የትኛውንም ድምፅ ሳያጋንኑ እኩል የሚያሰሙት ናቸው።

ያገለገለ ዕቃ ለሚገዙ ጥቂት ልጨምር፤ በዚህ ገንዘብ የተሻለውን ስፒከር ማግኘት የሚቻለው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። የወፈሩን ዙሪያ ይዞት ያለውን ቀለበት በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ንኩት። ስፖንጅ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈረፈራል፤ ጎማ ከሆነ ይቆያል። ሾጣጣውን በሁለት እጃችሁ እኩል በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት፤ የሚፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ጥቅልሉ ተቃጥሏል ወይም ተጣሟልና ተዉት። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ስፒከር ከሆነ ከኋላው ያለውን ቮልት ሳታነቡ እንዳትሰኩት። 120 ብቻ የሚል ዕቃ በእኛ 220 ላይ ሲሰካ የሚያሰማው ድምፅ የመጨረሻው ነው።

ገዝተን ቤት ካስገባን በኋላ የምናስቀምጥበት ቦታ የዋጋውን ግማሽ ያህል ዋጋ አለው፤ ደግሞም በነፃ ነው። ብዙ ቤት ስፒከሩ ቡፌው አናት ላይ ወይም የክፍሉ ጥግ ላይ ይሰቀላል። ጥግ ባሱን ያሳብጠዋል፤ እዚያ ያስቀመጣችሁት ካለ ከግድግዳው ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ብታርቁት ድምፁ ሲጠራ ትሰማላችሁ። ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ እንደ ባትሪ መብራት ወደ ፊት ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ትዊተሩ ከጆሮ እኩል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ከውጭ የሚመጡ መመሪያዎች ለእኛ አይሆኑም፤ እነሱ የሚናገሩት ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ነው። መሬት ላይ በመጅሊስ ወይም በፍራሽ የሚቀመጥ ቤተሰብ ጆሮው ከወለሉ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ቡፌ ላይ ያለው ስፒከር ታዲያ የሚያስተምረው አምፖሉን ነው! በሌላ በኩል ግን ምንጣፉ፣ ትራሱና ወፍራሙ መጋረጃ ማስተጋባቱን ስለሚውጡ፣ እንዲህ ያለ ሳሎን ባዶ ሲሚንቶ ወለል ካለው ክፍል ይልቅ ለማዳመጥ እጅግ ይመቻል።

በሽቦ ላይ ገንዘብ አታባክኑ። ለ5 ሜትር ርቀት 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ማገናኘቱን ግን አትዘንጉ። በአንደኛው ስፒከር ላይ ከተገላበጠ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፤ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፣ ተናጋሪውም ከየት እንደሚናገር አይታወቅም። ስፒከሮቹ አዲስ ሆነው «ድምፃቸው ሳሳ» ከተባለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው።

ሰብወፈር ልጨምር ወይ ለሚሉ፣ የምትኖሩት ኮንዶሚኒየም ወይም ግድግዳ በጋራ በሆነበት ቤት ከሆነ አልመክርም። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ባስ ግን ብሎኬቱን አልፎ ጎረቤት መኝታ ቤት ይገባል። እናንተ ሱብሒን ጠብቃችሁ ቲላዋ የከፈታችሁ ይመስላችኋል፤ ለሌሊት ተረኛዋ ጎረቤታችሁ ግን የሚደርሳት አንድም ቃል የሌለው ጉምጉምታ ብቻ ነው። የጎረቤትን ሐቅ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለልጆች ጆሮም ቢሆን ልክ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መመዘኛ ለአዋቂ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጅ ደግሞ በ75 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ተመክሯል።

በመጨረሻ ትንንሽ ልጆች ላሏችሁ፦ የፊት ሽፋኑን ጨርቅ አታውልቁት። አንዳንዱ አዋቂ «ያለ ሽፋን ድምፁ ይጠራል» ይላችኋል፤ ትንሽ እውነት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን የትዊተሯ ጉብታ ለሦስት ዓመት ልጅ ጣት እንደ ደወል መጥሪያ ናት፤ አንዴ ወደ ውስጥ ከገባች ደግሞ ወደ ቦታዋ መመለሷ እርግጠኛ አይደለም።